ውሃ የነካው በርበሬ

ወሩ ኅዳር ነው፤ ዛላ በርበሬ በየጓሮው ሸራ ላይ የሚሰጣበት ጊዜ። አክስት አዲስ አበባ ውስጥ ባልትና ቤት አላቸው። የወንድማቸው ልጅ የምግብ ናሙና በሚመረመርበት ላብራቶሪ ይሠራል። ጨዋታው የተነሣው ከአክስት ስልክ ነው።

አክስት፦ ይኸውልህ፣ ዛሬ ደግሞ ተራው የቋንጣ ሆኗል። ትናንት ቡና ነበር፤ ከትናንት ወዲያ ዘይት። እዚህ ስልክ ውስጥ ያለው ሰውዬ እንደሚለው ከሆነ ካንሰር የማያመጣ የቀረ ነገር ቢኖር ውሃ ነው፤ እሱም በላስቲክ ካልታሸገ ነው። እስቲ አንተ የተማርከው ንገረኝ፣ ምን እንብላ?

ልጅ፦ የሥጋው ወሬ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፣ እትዬ። ፈረንሳይ አገር ሊዮን ከተማ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም አለ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 የተቀነባበረ ሥጋን በአንደኛው ምድብ አስቀመጠው፤ ካንሰር እንደሚያመጣ በተረጋገጠበት ማለት ነው። በጨው፣ በጭስ ወይም በሌላ ዘዴ እንዲቆይ የተደረገ ሥጋ ሁሉ እዚያ ይገባል። ቋሊማ፣ ሞርታዴላ፣ እንዲያው በትርጓሜው ከሄድን ቋንጣም አያመልጥም። ሲጋራም እዚያው ምድብ ውስጥ ስላለ ወሬኛው «ሥጋ እንደ ሲጋራ ይገድላል» ብሎ ለቀቀው።

አክስት፦ አንድ መዝገብ ላይ ከሰፈሩ ታዲያ ምኑን ዋሸ?

ልጅ፦ መዝገቡ የሚለው ማስረጃው ምን ያህል እንደጠነከረ ነው፤ ጉዳቱ ምን ያህል እንደሚከፋ አይናገርም። ያኔ ራሱ የዓለም ጤና ድርጅት የጠቀሰውን ግምት ልንገርዎት። የተቀነባበረ ሥጋ ከሚበዛበት አመጋገብ ጋር የተያያዘ የካንሰር ሞት በመላው ዓለም በዓመት ወደ 34 ሺህ ገደማ ነው፤ ከትምባሆ የሚመጣው ደግሞ 1 ሚሊዮን። በየቀኑ 50 ግራም የሚበላ ሰው የአንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድሉ በ18 ከመቶ ይጨምራል ይባላል። በየቀኑ ነው፣ እትዬ። ከመቶ ሰው 18ቱ ይታመማል ማለትም አይደለም፤ ጭማሪው የሚሰላው ቀድሞ በነበረችው አነስተኛ ዕድል ላይ ነው።

አክስት፦ የእኔ ደንበኛ ቋንጣ ፍርፍር የሚበላው ደሞዝ ሲወጣ ነው። ይሁን፣ ቡናውስ?

ልጅ፦ ቡና እ.ኤ.አ. በ1991 ከሽንት ፊኛ ካንሰር ጋር ሊገናኝ ይችላል ተብሎ ተጠርጥሮ ነበር። በ2016 ያው ተቋም ማስረጃውን እንደገና አየና ከተጠርጣሪነት አወጣው። በዚያው ስብሰባ ግን ከ65 ዲግሪ በላይ እየተፋጀ የሚጠጣ ነገር፣ ቡናም ሆነ ሻይ ወይም ሌላ፣ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሳያመጣ እንደማይቀር ገለጸ።

አክስት፦ ቡናውን ለቀው እሳቱን ከሰሱ በለኛ።

ልጅ፦ እንደሱ ነው። ይህችኛዋ ደግሞ ለእኛም ትቀርባለች። አርሲና ባሌ አካባቢ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ይበዛል፤ የእኛው ተመራማሪዎች የሚፋጅ ገንፎን ከሚጠረጥሯቸው ነገሮች ውስጥ አስገብተውታል። ጥቂት ደቂቃ ታግሦ መብላት ገንዘብ አያስወጣም።

አክስት፦ የቀዘቀዘ ገንፎ! ይህንን ለአርሲ ሰው አንተ ንገረው፤ እኔ የለሁበትም። ይልቅ ያ ላብራቶሪያችሁ ቀኑን ሙሉ የሚፈልገው ምንድን ነው?

ልጅ፦ አብዛኛውን ጊዜ አፍላቶክሲን። ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነው። የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ አገር ነው፤ ተርኪ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ጫጩት ከ100 ሺህ በላይ ሆኖ በጥቂት ወራት አለቀ። መጀመሪያ ምንነቱ ያልታወቀ አዲስ በሽታ ነው አሉ። በኋላ መኖውን ሲመረምሩ ከብራዚል የመጣ የለውዝ ፋጉሎ ሻግቶ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ በዚህ መርዝ ላይ ብዙ ተጠንቷል፤ የጉበት ካንሰር ማምጣቱም አያከራክርም። እርስዎ የሚሰሙት ዝርዝር ውስጥ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው፣ ግን ስልክዎ ላይ ያለው ሰውዬ ሲያነሣው ሰምተው ያውቃሉ?

አክስት፦ አልሰማሁም። ብሰማም አልደነግጥም፤ የሻገተ በርበሬ እኔ ቤት አይገባም። ዓይኔ ጤነኛ ነው፣ አፍንጫዬም እንዲሁ።

ልጅ፦ ዓይንዎን አልጠራጠርም። ግን መርዙ ቀለም የለውም፤ አይሸትም፣ ጣዕሙም አይለይም። ሻጋታው ደርቆ ሲረግፍ እሱ ይቀራል፤ ወፍጮ ቤት ከገባ በኋላማ ማን ይለየዋል?

አክስት፦ እኔ እኮ ምጣድ ላይ አምሼ ነው የማስፈጨው። ከዚያ ደግሞ ወጡ ሲንተከተክ ይውላል። እሳት ያልገደለው መርዝ አለ?

ልጅ፦ ሻጋታውን እሳት ይገድለዋል። መርዙ ግን ነፍስ ስለሌለው አይሞትም። ፈጽሞ እንዲፈርስ ከ237 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ ወጥ የሚፈላው ደግሞ 100 ዲግሪ እንኳ ሳይሞላ ነው፣ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች። ማመስ የተወሰነውን ይቀንሳል። ጨርሶ ግን አያጠፋውም።

አክስት፦ እሺ፣ ከመጀመሪያው ከየት ነው የሚገባው?

ልጅ፦ ሻጋታው አፈር ውስጥ ሁልጊዜ አለ፤ እሱን ማስቀረት አይቻልም። ማሳ ላይ ድርቅ ሲመታው ወይም ትል ሲበሳው ሰብሉ ውስጥ ይገባል። ከአጨዳ በኋላ ደግሞ እርጥበት ይጠብቃል። በቆሎ እርጥበቱ ከ13 በመቶ፣ ለውዝ ከ7 በመቶ ገደማ ካላለፈ ሻጋታው አያድግበትም። ለበርበሬ ደግሞ 10 ወይም 11 በመቶ ነው ወሰኑ።

አክስት፦ እንግዲያው የበርበሬውን እኔ ላስተምርህ፤ ይህ ላብራቶሪ ውስጥ የለም። ዛላ በደንብ ከደረቀ ይሰባበራል። ጆንያ ውስጥ ሲጠቀጠቅ ፍሬው ይረግፋል፣ ግማሹ እንክትክቱ ይወጣል፤ እንዲህ ያለውን ደግሞ ገዢ ዞር ብሎ አያየውም። ስለዚህ የሚጭነው ሰው ውሃ ይረጭበታል። ይለሰልሳል፣ ይተጣጠፋል፣ ቀለሙ ሳይቀር ቦግ ይላል። በዚያ ላይ ይመዝናል። እኔ የምገዛው በኪሎ ነው፤ ውሃውንም በበርበሬ ዋጋ ገዛሁ ማለት ነው። ቤት አምጥቼ ሳሰጣው ጆንያው ይቀልላል። ነጋዴውን ብትጠይቀው «እኔም እንዲሁ ነው የተረከብኩት» ይልሃል። እውነቱን ይሆናል፤ ከገበሬው እስከ እኔ ድረስ ያሉት ሁሉ ትንሽ ትንሽ ረጭተውበታል።

ልጅ፦ ያ ጆንያ መኪና ላይ ተደራርቦ፣ ከዚያ መስኮት የሌለው መጋዘን ውስጥ ስንት ቀን ይቀመጣል?

አክስት፦ ቀን ትላለህ? ዋጋ እስኪወጣለት ድረስ ነው የሚቀመጠው። ወራት ነው።

ልጅ፦ እኛ ናሙና ላይ የምናየው ያንን ነው። እርስዎ ስዊድን ላለችው ልጅዎ በሻንጣ የሚልኩት አያጋጥመውም እንጂ በጭነት የሚሄደው አውሮፓ ድንበር ላይ ይያዛል። ለቅመም የአውሮፓ ኅብረት ወሰን አፍላቶክሲን ቢ1 በኪሎ 5 ማይክሮግራም ነው፤ አራቱ የአፍላቶክሲን ዓይነቶች ተደምረው ደግሞ 10። ከኢትዮጵያ የሚገባ በርበሬ፣ ዝንጅብልና እርድ በዚሁ መርዝ ምክንያት በልዩ ቁጥጥር ከሚፈተሹት ውስጥ ተመዝግቧል።

አክስት፦ ለእነሱ ሲሆን ይመረመራል፣ ለእኛ ሲሆን ይፈጫል።

ልጅ፦ ያሳዝናል ግን እንደዚያ ነው። እዚህም ያልተመረመረ እንዳይመስልዎት። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት አለ፤ ከአዲስ አበባ የተወሰደ ሽሮና የተፈጨ በርበሬ ተመርምሮ መርዙ በተገኘባቸው ናሙናዎች ላይ መጠኑ በኪሎ በመቶዎች የሚቆጠር ማይክሮግራም ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ትውልድ አልፏል።

አክስት፦ እናቴን ታስታውሳለህ? አያትህን። ዘጠና ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት ነው ያረፈችው፣ ቁርሷ በርበሬና ዳቦ ነበር። ታዲያ እሷን ለምን አልገደላት?

ልጅ፦ አንድ ሰው ስላመለጠ መርዙ የለም ማለት አንችልም፤ ግን ጥያቄዎ ጥሩ ነው። በርበሬ በቀን የሚበላው በማንኪያ ነው። መርዙ ጉበት ላይ ጉልበት የሚያገኘው ሰው ቀን ከሌት በብዛት በሚበላው ነገር ውስጥ ሲኖር ነው። በቆሎ ብቻ የሚበላ ቤተሰብ፣ ጡት ጥሎ የበቆሎ አጥሚት ብቻ የሚጠጣ ሕፃን፣ ለውዝ ዋና ምግቡ የሆነ ሰው። ኬንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2004 በተለይ ማኩዌኒና ኪቱይ በሚባሉ ቦታዎች የሻገተ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞቱ። እሱ ካንሰር እስኪሆን እንኳ አልጠበቀም፤ ጉበታቸውን በቀጥታ ነው የጣለው።

አክስት፦ በእግዚአብሔር! በቆሎ?

ልጅ፦ በቆሎ። በሌላ በኩል ቻይና ውስጥ ቺዶንግ የሚባል አካባቢ አለ። የጉበት ካንሰር ያለቅጥ የበዛበት ቦታ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሕዝቡ በቆሎውን ትቶ ወደ ሩዝ ዞረ፤ በዋናነት ገበያው ስለተከፈተና አቅም ስላገኘ። ከዓመታት በኋላ የጉበት ካንሰር ሞት ከግማሽ በላይ ቀነሰ። 

አክስት፦ ጠግበው ነው የዳኑት በለኛ። ለውዝም አልክ። እኔ ለውዝ እሸጣለሁ፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ ከቆሎ ጋር ይገዙኛል።

ልጅ፦ ምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ ባቢሌንና ጉርሱምን ጨምሮ፣ ከገበሬ ጎተራና ከገበያ 120 የለውዝ ናሙና ተወስዶ ተመርምሮ ነበር፤ ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። አብዛኛው ላይ አፍላቶክሲን ተገኘ። ከፍተኛው በኪሎ ከ11 ሺህ ማይክሮግራም በላይ ነው። አሜሪካኖች ለምግብ የሚፈቅዱት 20 ነው።

አክስት፦ ሃያና አሥራ አንድ ሺህ!

ልጅ፦ እያንዳንዱ ፍሬ ግን እንዲያ አይደለም፤ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። መርዙ እኩል አይከፋፈልም። ከአንድ ጆንያ ውስጥ ጥቂት ፍሬዎች ብቻ ይበከሉና መርዙ በሙሉ እነሱ ላይ ይከማቻል። ብዙ ጊዜ የተጨማደዱት፣ ቀለማቸው የጠቆረው፣ የተሰነጠቁት፣ ትል የገባባቸው ናቸው። እነዚያን በእጅ ለቅሞ ማውጣት አብዛኛውን መርዝ ይዞት ይወጣል። እርስዎ ጋ የሚለቅሙት ሴቶች የሚሠሩት ሥራ፣ እኔ በሺዎች በሚቆጠር ብር ኬሚካል ከምሠራው ይበልጣል። እኔ መርዙ መኖሩን እናገራለሁ እንጂ አላወጣውም።

አክስት፦ ይህንን እነሱ ፊት ንገርልኝ፤ በቀን ክፍያ ሲከራከሩኝ ግን አትምጣ። ለመሆኑ የተለቀመው የት እንደሚሄድ ታውቃለህ?

ልጅ፦ እርስዎ ይጥሉታል?

አክስት፦ እኔ ለውዙን እጥለዋለሁ። ሁሉም ይጥላል ብዬ ግን አልምልልህም። ክስክሱን በርካሽ የሚወስድ ሰው አይጠፋም። ተቆልቶ ከተፈጨ ማን ያየዋል? ዳቦ ላይ የሚቀባ ይሆናል፣ ወይ ከሌላው ጋር ይደባለቃል። በርበሬም እንዲሁ ነው። ነጣ ነጣ ያለውን፣ ነጠብጣብ ያለበትን ዛላ እኔ ሳልቀበለው ስቀር፣ ቆይቶ በሌላ ቤት ተፈጭቶ በሩብ ዋጋ ሲሸጥ አየዋለሁ። ርካሽ በርበሬ የሚገዛው ማን ነው? ስልክ ላይ ቋንጣ ካንሰር ነው እያለ የሚከራከረው አይደለም።

ልጅ፦ እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው። «ተፈጥሯዊ ብሉ፣ ፋብሪካ የነካው አትንኩ» የሚለው ምክር የሚደርሰው መምረጥ ለሚችል ሰው ነው። አፍላቶክሲን ግን ከዚያ በላይ ተፈጥሯዊ የለም፤ ፋብሪካ አልነካውም፣ ኬሚካል አልተጨመረበትም። ከእኛው ጎተራ፣ ከእኛው ማሳ የወጣ ነው። እና ከላይ ያለው ሰው በለቀመ ቁጥር ታች ያለው ሰው ሳህን ላይ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ሰው ያልበላው ደግሞ ከብት ይበላዋል።

አክስት፦ የወተቱን ነገር ልታነሣ ነው። አስታውሳለሁ። ያኔ ጎረቤቴ አራት ላሞች ነበሯት፤ ደንበኞቿ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጥለዋት ሄዱ። «ወተት ካንሰር ሆነ» ብለው።

ልጅ፦ እ.ኤ.አ. የ2015ቱ ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ካሉ አርቢዎችና ነጋዴዎች 110 የወተት ናሙና ተወሰደ። ሁሉም ላይ ኤም1 የሚባለው የአፍላቶክሲን ዓይነት ተገኘ። ላሟ የተበከለ መኖ ስትበላ ጉበቷ መርዙን ይለውጠውና ከፊሉ በወተቷ ይወጣል። ከአውሮፓ ወሰን፣ በሊትር ከ0.05 ማይክሮግራም፣ ያልበለጡት ዘጠኝ ናሙናዎች ብቻ ናቸው። አሜሪካ የምትቀበለው 0.5 ነው፤ በሱ ከተለካ ደግሞ ሩብ ገደማው ነው የወደቀው። ዋናው ጥፋተኛ የኑግ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ።

አክስት፦ ታዲያ አውሮፓና አሜሪካ በአሥር እጥፍ የሚለያዩ ከሆነ ማንን እንመን?

ልጅ፦ ሁለቱም ያዩት ማስረጃ ተቀራራቢ ነው። አውሮፓ መርዙን መቀነስ የሚቻለውን ያህል ዝቅ ላድርገው አለች፤ አሜሪካ ገበያው ላይ የሚበቃ ወተት ይኑር፣ ጉዳቱም ትንሽ ይሁን ብላ አመዛዘነች። ወሰን ሁሉ እንደዚያ ነው፤ ግማሹ ሳይንስ ግማሹ አቅም ነው። የወተቱ ወሬ ሲወጣ ግን ይህን ያብራራ አልነበረም፤ «ከ90 ከመቶ በላይ ወሰን አለፈ» ተባለና ቆመ። ሰው ለልጁ ወተት መግዛት አቆመ። በእኔ እምነት ከመርዙ ይልቅ ያ ውሳኔ ነው ልጆቹን የጎዳው፤ በዚህ አገር ቀጭጮ የሚያድግ ሕፃን ስንት እንደሆነ ያውቃሉ። ነገሩ እኮ በመኖ የሚስተካከል ነበር። ላሟ ፋጉሎዋ ተቀይሮ ንጹሕ መኖ ከተሰጣት በሦስት በአራት ቀን ውስጥ ወተቷ ይጠራል።

አክስት፦ በአራት ቀን? ጎረቤቴ እኮ ላሞቹን ሸጠቻቸው።

ልጅ፦ የነገራት ሰው አልነበረማ።

አክስት፦ እንግዲህ እኔ ምን ላድርግ ነው የምትለኝ? በርበሬ ልተው? ቤቱን ልዝጋ?

ልጅ፦ ቤቱማ አይዘጋም። መጀመሪያ ግን ከምግብ ውጭ ያለ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የልጅ ልጆችዎ ክትባታቸውን ጨርሰዋል?

አክስት፦ ጨርሰዋል። ክትባት ከበርበሬ ጋር ምን አገናኘው?

ልጅ፦ ሄፓታይተስ ቢ፣ የጉበት ቫይረስ የሚባለው። ጉበት አፍላቶክሲንን ሊያስወግድ ሲሞክር ራሱ የባሰ ነገር ያደርገዋል፤ ያ ነገር ሴሉ ውስጥ ገብቶ ዘረመሉ ላይ ይጣበቃል። ፒ53 በሚባለው፣ ሴልን ከካንሰር በሚጠብቀው ዘረመል ላይ ብዙ ጊዜ አንዲት የታወቀች ቦታን ይጎዳል፤ ተመራማሪዎች ያንን አይተው አፍላቶክሲን ማለፉን ይጠረጥራሉ። ቫይረሱ ያለበት ጉበት ላይ ግን ይኸው መርዝ እስከ 30 እጥፍ ይበረታል። ከኢትዮጵያ አንጻር ሲታይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ቫይረሱ እኛ ዘንድ ብዙ አለ። ክትባቱ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ለሕፃናት ከሌሎች ጋር ተቀላቅሎ ይሰጣል። ምግቡን በአንድ ጀምበር ማጽዳት ባንችል መርዙን ጉልበት የሚያሳጣው መርፌ ጤና ጣቢያ በነጻ አለ።

አክስት፦ ይህንን ለምን አይናገሩትም? ካንሰርን የሚከላከል ምግብ ብለው ስለ ሎሚ ነው የሚያወሩት።

ልጅ፦ ክትባት ማንም አይሸጥበትም፤ ሎሚ ይሸጥበታል። ወደ በርበሬው ስንመለስ፣ ሲገዙ እርጥበቱን ይለኩ። መለኪያ መሣሪያ አለ፤ ለበቆሎ እንኳ መሣሪያ ቢጠፋ የገጠር ዘዴ አለ። ንጹሕ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ በቆሎውን ከደረቅ ጨው ጋር ጨምረው ይነቅንቁት፤ ጥቂት ቆይቶ ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ በቆሎው ለማከማቸት አልደረቀም። ለበርበሬ ግን እርስዎ በእጅዎ ሲያጥፉት ያውቁታል። መሬት ላይ ሳይሆን ሸራ ላይ፣ ከተቻለ ከፍ ባለ አልጋ ላይ ይሰጣ። ጆንያው ከግድግዳና ከወለል ይራቅ። የሚያስፈጩትን በትንሽ በትንሹ ያስፈጩ፤ ዱቄቱ እርጥበት ቶሎ ይስባል።

አክስት፦ ይህን ሁሉ አደርጋለሁ፣ ግማሹንም አድርጌዋለሁ። አሁን የምትነግረኝ ስለዚያ ጥግ ላይ ስላለው ጆንያ ነው። ትናንት ስከፍተው እጄን አሞቀው፤ ሽታውም ደስ አላለኝም። አንድ ጆንያ ሙሉ ነው። ለቅሜ ላድርቀው?

ልጅ፦ ከሞቀ ሻጋታው ሥራ ላይ ነው፣ እትዬ። ማድረቅ እድገቱን ያቆመዋል፤ የተሠራውን መርዝ አይመልሰውም።

አክስት፦ ለዶሮ ልስጠው?

ልጅ፦ ለዶሮ ደግሞ ጭራሽ።

አክስት፦ ለነጋዴው ልመልሰው?

ልጅ፦ ቢመልሱት የት ይሄዳል?

አክስት፦ አውቃለሁ የት እንደሚሄድ። እንግዲያው ኪሳራው የማነው?

ልጅ፦ የእርስዎ ነው። በሚቀጥለው ግን ከመጫኑ በፊት አንድ ዛላ አጥፈው ይሰብሩ፤ ካልተሰበረ አይግዙ።

አክስት፦ አልገዛም ብለው እኮ ኋላዬ ሦስት ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል።

ልጅ፦ ሦስቱም ባልትና ቤት ናቸው?

አክስት፦ ሁለቱ ናቸው። እስቲ ስልኩን አቀብለኝ፤ ልደውልላቸው።